የጥንት የግሪክና የሮም ሳንቲም በምን ይለያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥንታዊ ሳንቲም መለየት የሊቃውንት ብቻ ሥራ ይመስላል። አይደለም። ሚዛን፣ ማስመሪያ፣ ጥሩ ብርሃንና ትዕግሥት ያለው ሰው አብዛኛውን መንገድ ብቻውን ይሄደዋል። ከዚህ በታች ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ «ቅ.ል.ክ.» ያልኩት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ለማለት ነው።

አንድ አሮጌ ሳንቲም እጄ ገብቷል። ከምን ልጀምር?

ከሚዛን። ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ የሚመሳሰል ፎቶ ይፈልግና የመጀመሪያውን ያገኘውን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሳመን ከባድ ነው። መጀመሪያ መዝኑት። የኩሽና ሚዛን አይሆንም፤ የግራም መቶኛን የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ከሌላችሁ ሰፈር ያለ ወርቅ ቤት ጎራ በሉ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎ ስፋቱን በሚሊሜትር ለኩ። ከዚያ ምን እንደሆነ ተመልከቱ፦ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ፣ ናስ ወይስ መዳብ? ዘውድና ጎፈሩን ማየት ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ክብደቱ ይህን ያህል የሚያስፈልገው የወርቅና የብር ሳንቲም ዋጋው በራሱ በብረቱ ላይ ስለነበር ነው። ከተሞቹ ልኩን ይጠብቁ ነበር። የአቴንስ ባለ 4 ድራክማ ብር 17.2 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የቆሮንቶስ ስታተር (ዋናው የብር ሳንቲሟ) 8.6፣ የአይጊና ደሴት ስታተር 12.2፣ የሮም ዲናር ደግሞ በአውግስጦስ ጊዜ ከ3.9 ግራም እምብዛም አይርቅም። እንግዲህ የአቴንስ ነው የተባለ ትልቅ ብር 11 ግራም ከመዘነ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር ችግር አለ። ነሐስ ላይ ግን ልኩ ላላ ያለ ነው፤ እዚያ ስፋቱና ምስሉ ይበልጣሉ።

በጣም ቆሽሿል። ላጽዳው?

አይሆንም። እባካችሁ። ሎሚ፣ አመድ፣ ኮምጣጤ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ አንዱም አይነካው።

ነሐስ መሬት ውስጥ ሲቆይ ላዩ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልባስ ይሠራል። ፊደሉና የፊቱ መስመር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ልባስ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ተበልቷል። ልባሱን ፈግፍጎ ያወጣ ሰው የሚያገኘው የሚያብረቀርቅ ባዶ ክብ ነው፣ ያ ደግሞ አይመለስም። አፈር ብቻ ከሆነ የተጣራ ውኃ (ዲስቲልድ የሚባለው) ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ውኃውን በየቀኑ ለውጡ፣ የላላውን አፈር በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ አድርጋችሁ አንሱ። ከዚህ በላይ ያለው የባለሙያ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ችላ አትበሉ። ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ሲነካ ዱቄት የሚሆን ነገር ካያችሁ ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ነው። ከእርጥበት አርቁት፣ ከሌሎቹም ለይታችሁ አስቀምጡት።

የግሪክ ነው የሮም? እንዴት ልወቅ?

የግሪክ ከተሞች በጽሑፍ ቁጥብ ናቸው። ብዙ ጊዜ የከተማው ስም ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ምስሉ አጠገብ ባገኘው ክፍት ቦታ። ሮማውያን በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን ጠርዙን እየተከተሉ በላቲን ፊደል ይዞሩታል፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ሹመት፣ አንዱንም አያስቀሩም።

ቅርጹም ይረዳል። የቀደመው የግሪክ ብር ወፍራምና ጎበጥ ያለ ነው፤ በጣም የቆየው ጀርባው ላይ ምስል እንኳ የለውም፣ አራት ማዕዘን የመምቻ ስርጉድ ብቻ ነው። የሮም ዲናር ሳሳና ዘርጋ ይላል። በግሪክ ሳንቲም ላይ ያለው ፊት መጀመሪያ አካባቢ የአምላክ ወይም የጀግና ነው። ገዢዎች የራሳቸውን መልክ በሰፊው ማስወጣት የጀመሩት ከታላቁ እስክንድር ተተኪዎች ወዲህ ነው። ሮም ላይ ደግሞ በ44 ቅ.ል.ክ. ዩልዮስ ቄሳር በሕይወት እያለ መልኩ በሮም በተመቱት ዲናሮች ላይ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ የገዢው ፊት ቋሚ ሆነ።

ምስሉ ከተማውን ይናገራል ሲባል ምን ማለት ነው?

እያንዳንዱ የግሪክ ከተማ የራሱ መለያ ነበረው። ቆሮንቶስ ክንፋማ ፈረስ። ኤፌሶን ንብ። ሮዶስ የጽጌረዳ አበባ። አይጊና ኤሊ፤ መጀመሪያ የባሕር፣ ኋላ ላይ የየብስ። ደቡብ ኢጣሊያ ያለችው ሜታፖንቶን የገብስ ዛላ። ሊቢያ ጠረፍ ያለችው ቀሬና ሲልፊየም የሚባለውን፣ ሸጣ የከበረችበትን ተክል። ሲሲሊ ያለችው ሰራኩስ ደግሞ ዶልፊኖች የከበቧት የሴት ራስ። እነዚህን ብቻ የያዘ ሰው ብዙ ሳንቲም ሳይቸገር ይመድባል።

የአቴንስን ቀረብ ብለን እንየው። ፊት ለፊት የራስ ቁር ያደረገች የከተማዋ አምላክ አቴና ወደ ቀኝ ታያለች። ጀርባው ላይ ጉጉት ቆማለች፤ ሰውነቷ በጎን ነው፣ ፊቷ ግን ወደ እኛ ዞሯል። ከኋላዋ የወይራ ቅርንጫፍና ትንሽ ጨረቃ አለ፣ ከፊቷ ደግሞ አልፋ፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን። አሁን ወደ አቴና ዓይን ተመለሱ። ፊቷ በጎን ሆኖ ዓይኗ ግን ከፊት እንደሚታይ ዓይን ሙሉ ከሆነ፣ ሳንቲሙ የ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ወይም ከዚያ የቀደመ ነው። ዓይኗም እንደ ፊቷ በጎን ከተቀረጸ ወደ 4ኛው ክፍለ ዘመን ወርዷል። አንድ ዓይን ይህን ያህል ይናገራል። ላዩ ላይ የስለት ጠባሳ ካለበትም አትደንግጡ፤ የዚያ ዘመን ነጋዴ ውስጡ መዳብ እንዳይሆን ሰንጥቆ ያየበት ነው።

የእስክንድር ሳንቲም አለኝ። የአንበሳ ቆዳ የለበሰው እሱ ነው?

በመሠረቱ ሄርኩለስ ነው። ጀርባው ላይ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ንስር የያዘው ዜውስ ነው፣ አጠገቡ በግሪክኛ «አሌክሳንድሩ» ይላል፣ «የእስክንድር» ማለት ነው። ደግሞም ስሙ ስላለበት በእሱ ዘመን ተሠራ ማለት አይደለም። እስክንድር በ323 ቅ.ል.ክ. ሞቷል፤ ንግድ ስለለመደው ግን ይኼው ዓይነት ሳንቲም በብዙ ከተሞች ከ200 ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል። ከሞቱ በፊት ነው በኋላ የሚለውን የሚለዩት ከዜውስ ፊት ለፊትና ከዙፋኑ ሥር ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። እነሱን በደንብ አንሱ። የራሱን የእስክንድርን መልክ የፈለገ ሰው ከተተኪዎቹ አንዱ ሊሲማኮስ ያስመታውን ይፈልግ፦ ጆሮው ላይ የበግ ቀንድ ዞሮበታል።

ፊቱ የሮም ቄሳር ነው፣ ጽሑፉ ግን ግሪክኛ ነው። ሐሰተኛ ነው ማለት ነው?

ኧረ አይደለም! የምሥራቁ የሮም ግዛት ከተሞች የየራሳቸውን ሳንቲም በግሪክኛ ያወጡ ነበር። እንዲያውም ለእኛ በጣም የሚቀርበው ይኼ ክፍል ነው። ምክንያቱን ላሳያችሁ።

የእስክንድርያን ሳንቲም ውሰዱ። ጀርባው ላይ የላቲን «ኤል» የመሰለ ምልክት አለ፤ «ዓመት» ማለት ነው። ከጎኑ ያሉት አንድ ሁለት ፊደላት ቄሳሩ በነገሠ በስንተኛው ዓመት እንደተመታ ይናገራሉ፣ ምክንያቱም ግሪኮች በፊደል ይቆጥራሉ። አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ጋማ 3፣ ዴልታ 4፣ ዮታ 10፣ ካፓ 20። አሁን የግዕዝ ቁጥሮችን ከጎናቸው አስቀምጡ፦ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፲፣ ፳። የግዕዝ ቁጥሮች የመጡት ከእነዚያው የግሪክ ፊደላት ነው። ዮታና ቤታ ካያችሁ ፲፪ ነው፣ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመት። ዳዊት ላይ የመዝሙር ቁጥር ያነበበ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል።

ገና አለ። የእስክንድርያ ዓመት የሚገባው በጥንቱ የሮም አቆጣጠር ኦገስት 29 ነው፣ ያ ደግሞ የኛው መስከረም 1 ነው። አዲስ ቄሳር ሲነግሥ እስከ መጀመሪያው መስከረም 1 ያለው ጊዜ አንደኛ ዓመት ይባላል፣ አጭር ቢሆንም። ሃድሪያን በነሐሴ 117 ነገሠ፣ ስለዚህ አንደኛ ዓመቱ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር፣ ወዲያው ሁለተኛው ገባ። እናም የሃድሪያን ሳንቲም ላይ ፲፪ን ካነበባችሁ ከ127 እስከ 128 ባለው ዓመት ተመትቷል ማለት ትችላላችሁ። በየትኛውም ካታሎግ ሳትረዱ!

የላቲኑ ጽሑፍ በምሕጻረ ቃል የታጨቀ ነው። እንዴት ይነበባል?

ጥቂቱን ማወቅ ይበቃል። መጀመሪያ «ዩ» የሚባል ፊደል እንደሌለ፣ በሱ ቦታ «ቪ» እንደሚጻፍ ያዙ። «አይ-ኤም-ፒ» ኢምፔራቶር ነው። «ኤ-ቪ-ጂ» አውግስጦስ፣ ይኸውም ማዕረጉ እንጂ የግድ የመጀመሪያው አውግስጦስ አይደለም፤ ጀማሪዎችን በጣም የሚያሳስተው ይኼ ነው። «ፒ-ኤም» ሊቀ ካህናት። «ፒ-ፒ» የሀገር አባት። «ዲ-ኤን» ጌታችን፣ ይኼ ካለ ሳንቲሙ በአብዛኛው የሮም ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ነሐስና ናስ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ኤስ-ሲ» የሮምን ምክር ቤት ውሳኔ ያመለክታል።

ዓመቱን የሚሰጧችሁ ሁለቱ ናቸው። «ቲ-አር-ፒ» በየዓመቱ የሚታደስ ሥልጣን ነው፣ ከኋላው ያለው ቁጥር ስንተኛው ዓመት እንደሆነ ይናገራል። «ሲ-ኦ-ኤስ» ደግሞ ስንት ጊዜ ቆንስል (የሮም ከፍተኛ ሹመት ነው) እንደሆነ። ለምሳሌ ቄሳሩ ትራያን ለ5ኛ ጊዜ ቆንስል የሆነው በ103፣ ለ6ኛ ጊዜ በ112 ነው። ስለዚህ የእሱ ሳንቲም ላይ ቆንስል 5 ካለ ከ103 እስከ 111 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ጠፍቷል። ተስፋ አለው?

አለው። ራሱ ላይ ያደረገውን እዩ። እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ አክሊል ያደረገ፣ ብር የመሰለ ሳንቲም ከሆነ፣ ካራካላ በ215 የጀመረው አንቶኒኒያኑስ የሚባለው ነው። ይኼ ሳንቲም ብሩ እየተቀነሰ እየተቀነሰ ሄዶ በ260ዎቹ መጨረሻ ከ5 በመቶ በታች ወርዷል፤ ለዚህ ነው ብዙው መዳብ የሚመስለው። ጺሙንም እዩ። እስከ ሃድሪያን ያሉት ቄሳሮች በአብዛኛው የተላጩ ናቸው፤ ከእሱ ወዲህ ጺም ደንብ ሆነ፤ ቆስጠንጢኖስ መልሶ ተላጨ። የንግሥቶች የፀጉር አሠራርም በየትውልዱ ስለሚለዋወጥ ከስማቸው ያልተናነሰ ይረዳል። 25 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከ30 ሚሊሜትር የሚሰፋ ከባድ ናስ ከሆነ ደግሞ ሰስተርስ የሚባለው የሮም ሳንቲም ነው።

ትንሽዬ ነሐስ ናት፣ ሁለት ወታደሮች አሉባት።

ከሁሉ በብዛት የምትገኘዋ ናት። ጊዜዋ የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ፣ ጽሑፏ «የሠራዊቱ ክብር» የሚል። በወታደሮቹ መካከል ያለውን ዓርማ ቁጠሩ። ሁለት ከሆነ ከ330 እስከ 335 አካባቢ፣ አንድ ከሆነ ከ335 እስከ 341 ገደማ። ከመስመሩ በታች ያሉት ፊደላት የተመታችበትን ከተማ ይናገራሉ፦ «ኤ-ኤን-ቲ» አንጾኪያ፣ «ኤ-ኤል-ኢ» እስክንድርያ፣ «ሲ-ኦ-ኤን-ኤስ» ቁስጥንጥንያ። «ሲ-ኦ-ኤን-ኤስ» ላይ «ቲ» ተጨምሮ ካያችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ደቡብ ፈረንሳይ ያለችው አርል ለጊዜው በቆስጠንጢኖስ ልጅ ስም ተሰይማ ስለነበር የእሷ ሊሆን ይችላል።

በወንጌል የተጠቀሱት ሳንቲሞች የትኞቹ ናቸው?

ኢየሱስ ስለ ግብር ሲጠየቅ የቀረበለት ዲናር ብዙ ጊዜ የጢባርዮስ ቄሳር ነው ይባላል፦ በአንድ በኩል የቄሳሩ ራስ፣ በሌላው የተቀመጠች ሴት። ለቤተ መቅደሱ ግብር የሚፈለገው የጢሮስ ብር 14 ግራም ገደማ ሲሆን ፊቱ ላይ የጢሮስ አምላክ ሜልቃርት፣ ጀርባው ላይ ንስር አለበት፤ ሠላሳው ብርም ከዚህ ዓይነት ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። የመበለቲቱ ሳንቲም ተብላ የምትሸጠው በአብዛኛው መልሕቅና ኮከብ ያለባት የአይሁድ ንጉሥ የአሌክሳንደር ያናይ ትንሽ ነሐስ ናት።

የጶንጥዮስ ጲላጦስም አለ። የእሱ ስም አልተጻፈበትም፣ የጢባርዮስ ነው የተጻፈው፤ ምልክቶቹ የሮም ካህናት ቆልማማ በትርና ጭልፋ ናቸው። ዓመቱን ግን በግሪክ ፊደል አስቀምጧል፦ ፲፮፣ ፲፯ ወይም ፲፰። ማለትም ከ29 እስከ 31።

ግሪክኛ ተጽፎበታል፣ ንጉሡ ግን በሁለት የእህል ዛላ ተከቧል።

እንግዲህ አክሱማዊ ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለውን ዕወቁት። አክሱም በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ መምታት ጀመረች፤ የውጭ ነጋዴ እንዲያነበው በግሪክኛ። ከንጉሡ ራስ በላይ ያለው ጨረቃና ክብ ከሆነ ከክርስትና በፊት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኢዛና በመስቀል ተካው። አንዳንዶቹ ብርና ነሐሶች ላይ መስቀሉ ወይም ከንጉሡ ራስ ዙሪያ ያለው ቦታ ለብቻው በወርቅ ተለብጧል፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ። ሮምም ግሪክም እንዲህ አላደረጉም። የአክሱም ወርቅ ትንሽ ነው፤ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያለው 1.6 ግራም ገደማ ሲሆን ሶሊዱስ የሚባለው የሮም ወርቅ 4.5 ይደርሳል። የመን ውስጥ ሁለቱ አብረው ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ኤርትራ መጠራ ላይ ደግሞ የሮም የወርቅ ሳንቲሞች የአንገት ጌጥ ሆነው ተገኝተዋል።

ሐሰተኛውን በምን ልለየው?

ጠርዙን እዩ። የጥንት ሳንቲም በሁለት ማተሚያ ብረት መካከል ገብቶ በመዶሻ የተመታ ነው፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ምስሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እነዚህ ጉድለት አይደሉም። ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ሐሰተኛ ግን ጠርዙ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የመገጣጠሚያ መስመር፣ ላዩ ላይ የአረፋ ነጠብጣብ፣ ፊደሉ ላይ ሳሙና የመሰለ ልስላሴ ይታይበታል። ማግኔት ከሳበው ነገሩ አለቀ። ሁለት ሳንቲሞች እስከ ስንጥቃቸው ድረስ ፍጹም አንድ ከሆኑም ቢያንስ አንዱ ሐሰተኛ ነው።

ግን አስቸጋሪዎችም አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ጀርመናዊ ካርል ቪልሄልም ቤከር የራሱን ማተሚያ ብረት ቀርጾ ይመታ ነበር፤ አሮጌ እንዲመስሉለት የብረት ብናኝ ካለበት ሣጥን ጋር ሠረገላው ላይ ጭኖ እያንገጫገጨ ይሄድ እንደነበር ይነገራል። እንዲህ ያለው በፎቶ አይያዝም። ፍርስራሽ አጠገብ «አሁን ከመሬት አወጣሁት» ብሎ ከሚጠጋችሁ ሰው በጭራሽ አትግዙ፦ ወይ ሐሰተኛ ነው፣ ወይ የተዘረፈ።

ስንት ያወጣል?

ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ያነሰ። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ትንንሽ ነሐሶች በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ፣ ጥሩ የአቴንስ ጉጉት በመቶዎች። ዋጋውን የሚወስነው ዕድሜው ሳይሆን ብርቅነቱ፣ ይዞታው፣ ከምንም በላይ ደግሞ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነዱ ነው። የቄሳርን መገደል ያስታወሰው፣ ሁለት ጩቤ ያለበት፣ ከገዳዮቹ አንዱ የብሩቱስ ወርቅ በ2020 ለንደን ውስጥ በ3.24 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጦ ነበር። ከየት እንደመጣ የተነገረው ታሪክ የተፈበረከ ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ።

ከመሬት ያገኘሁት ከሆነስ?

ቦታውን ፎቶ አንሱ፣ ሌላ አትቆፍሩ፣ አስታውቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (በኛ አቆጣጠር) መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው። እስራኤል ያላችሁ፣ የ1978ቱ ሕግ በ15 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። እንግሊዝ ውስጥ በሕጉ «ትሬዠር» የሚባለውን በ14 ቀን። ቱርክ ለሽርሽር የምትሄዱ ደግሞ አንዲት አሮጌ ሳንቲም እንኳ ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁ ኤርፖርት አትድረሱ።

ለሚያውቅ ሰው ለማሳየት ምን ልላክለት?

ሁለቱን ገጽና ጠርዙን፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ፣ ብርሃኑ ከጎን እየመጣ፤ ያኔ የጠፋ የመሰለ ፊደል ብቅ ይላል። ክብደቱን በግራም፣ ስፋቱን በሚሊሜትር። ያነበባችሁትን ፊደል፣ ያላነበባችሁትንም በነጥብ። ራሳችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ የአሜሪካ ኒውሚስማቲክ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር የሮም ቄሳሮችን ሳንቲሞች በነጻ ኦንላይን አስቀምጧል፤ ሁለት ሦስት ፊደል አስገብቶ መፈለግ ይቻላል። ከየት እንደመጣ የምታውቁትንም ጻፉ፤ አያታችሁ ከምፅዋ ወይም ከኢየሩሳሌም ይዘውት የመጡ ከሆነ እሱንም፣ ዓመቱን ካስታወሳችሁ ዓመቱንም።